በጠይም ቆዳ ላይ የሚሸሸገው ሮዜሺያ በስዊድን የሕክምና መዝገብ እንዴት ይጻፋል?

ሮዜሺያ ሥር የሰደደ የፊት ቆዳ በሽታ ነው። ጉንጭን፣ አፍንጫን፣ ግንባርንና አገጭን ያቀላል፣ ይለበልባል፣ ብጉር የሚመስል ሽፍታም ያወጣል። ፀሐይ፣ ሙቀት፣ ትኩስ መጠጥ፣ አልኮልና ሚጥሚጣ የበዛበት ምግብ ሊቀሰቅሱት ይችላሉ። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ጨርሶ የሚያድነው መድኃኒት ባይኖርም በሕክምና ሊረግብ ይችላል።

በሽታው ለረጅም ጊዜ ሲታሰብ የኖረው ቆዳቸው የነጣ የሰሜን አውሮፓ ሰዎች ሕመም ተደርጎ ነው። ስቶክሆልም ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሐኪሙ ያልለየው በሽታ በመዝገብ ላይ በሌላ ስም ይሰፍራል፤ በሌላ ስም የሰፈረ በሽታ ደግሞ በሌላ መድኃኒት ይታከማል።

ስዊድን በሽታን የመመዝገብ የቆየ ልማድ አላት። እ.አ.አ. ከ1749 ጀምሮ የየአጥቢያው ቀሳውስት የሞት መንስኤን ጭምር እየመዘገቡ ለመንግሥት ያሳውቁ ነበር። ዕፅዋትንና እንስሳትን በየወገናቸው የመደበው ካርል ሊኔየስም በወጣትነቱ ስቶክሆልም ውስጥ በሐኪምነት የሠራ ሲሆን፣ በ1763 በሽታዎችን በየዘራቸው የሚከፍል መጽሐፍ አሳትሟል።

የዛሬው ምደባ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው አይሲዲ-10 ነው። ስዊድን ከ1997 አንስቶ ትጠቀምበታለች፤ የአገሪቱን ቅጂ የሚያስተዳድረው ሶሻልስቲሬልሰን የተባለው ብሔራዊ የጤና መሥሪያ ቤት ነው። በዚህ ምደባ የሮዜሺያ ኮድ ኤል71 ነው። ኤል71.0 በአፍ ዙሪያ የሚወጣውን ሽፍታ፣ ኤል71.1 አፍንጫ የሚወፍርበትንና የሚጎረብጥበትን ዓይነት ያመለክታል። ኤል71.8 ለሌሎች ዓይነቶች፣ ኤል71.9 ደግሞ ዓይነቱ ላልተገለጸ ሮዜሺያ የተተዉ ናቸው። የብጉር ኮድ ኤል70 ነው፤ ሁለቱን በሽታዎች መዝገብ ላይ የሚለያያቸው አንድ አኃዝ ብቻ ነው።

ኮዱ የማይናገረው ብዙ ነገር አለ። በ2017 የዘርፉ ሊቃውንት ሮዜሺያን በጥቂት ዓይነቶች ከፋፍሎ ከመሰየም ይልቅ በእያንዳንዱ ሕመምተኛ ላይ የሚታየውን ምልክት ለይቶ መግለጽ እንደሚሻል መክረዋል። ኤል71.9 ብቻ የተጻፈበት መዝገብ ሽፍታ ይኑር አይኑር፣ ዓይን ይነካ አይነካ አይገልጽም። የዓይኑ ጉዳይ ቀላል አይደለም። ሮዜሺያ ዓይንን ሊያደርቅ፣ አሸዋ የገባበት ያህል ሊቆረቁር፣ ሲብስም የዓይንን ብሌን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ከኮዱ ይልቅ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ይበልጥ ያስፈልጋል።

በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ በግልጽ አይታይም፤ ቡናማ ወይም ወይን ጠጅ መስሎ ሊታይ ይችላል። ሐኪሙን የሚመሩት ሕመምተኛው የሚናገረው ማቃጠልና መለብለብ፣ በእጅ የሚዳሰሰው ትኩሳት፣ ሽፍታውና እብጠቱ ናቸው። እነዚህ ካልተጠየቁ በሽታው ብጉር፣ ችፌ ወይም ሉፐስ ተብሎ ሊያልፍ ይችላል። በአሜሪካ የሐኪም ቤት መዛግብት ላይ በተደረገ ጥናት፣ ሮዜሺያ ተብሎ ከተመዘገበላቸው ሰዎች መካከል ጥቁሮች 2 በመቶ ገደማ ነበሩ። ጠይም ቆዳ ከፀሐይ ስለሚከላከል በሽታው በእርግጥም ሊያንስ ይችላል፤ ቁጥሩ ግን ያልታመመውን ካልታየለት አይለይም።

የቋንቋው ጣጣም አለ። ብዙዎቻችን ፀሐይ ከመታን በኋላ ፊታችን ላይ የወጣውን «ምች» እንላለን፤ የጠቆረውን ደግሞ «ማድያት»። ለማድያት ኮድ አለ፤ ለምች የለም። አስተርጓሚ «አለርጂ» ብሎ ካሳለፈው መዝገቡም አለርጂ ብሎ ሊቀጥል ይችላል። «ስወጣ ይለበልበኛል፣ ቡና ስጠጣ ይብሳል» ማለት በሽታውን ራስ ከመሰየም ይልቅ ይጠቅማል።

ከሁሉ በላይ መነገር ያለበት የተቀቡት ክሬም ነው። ስቴሮይድ ያለበት ክሬም መጀመሪያ ፊትን ያረጋጋል፤ ሲቆም ግን ሽፍታው ብሶ ይመለሳል፤ ለረጅም ጊዜ ከተቀቡትም ራሱ ሮዜሺያ መሰል ሽፍታ ያስከትላል። ኢትዮጵያ ውስጥ እነዚህን ክሬሞች ለማድያት ወይም ለፊት ማቅያ ያለ ሐኪም ማዘዣ ገዝቶ መቀባት የተለመደ ነው። ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣውን ክሬም ሐኪም ፊት መጥቀስ ሊያሳፍር ይችላል። ሆኖም መዝገቡ ላይ ካልሰፈረ ቀጣዩ ሐኪም ያው ዓይነት ክሬም ሊያዝ ይችላል።

ትክክል የተጻፈውም ቢሆን ሁሉም አገር አቀፍ ስታቲስቲክስ ውስጥ አይገባም። የስዊድን ብሔራዊ የሕሙማን መዝገብ ተኝተው የታከሙትንና፣ ከ2001 ወዲህ፣ በስፔሻሊስት የታዩትን ይይዛል፤ «ቮርድሴንትራል» በሚባለው የአካባቢ ጤና ጣቢያ የታከሙትን ግን አያካትትም። ቀለል ያለ ሮዜሺያ የሚታከመው ደግሞ በአብዛኛው እዚያ ነው። በ1989 የታተመ የስዊድን ጥናት መዝገብ ሳይጠብቅ 809 የቢሮ ሠራተኞችን ራሳቸውን መርምሮ ነበር፤ ከአሥሩ አንዱ ሮዜሺያ ተገኝቶበታል፣ ከሴቶቹ 14 በመቶ፣ ከወንዶቹ 5 በመቶ።

የስዊድን የጤና መዛግብት ዘርን አይመዘግቡም። የቆዳ ቀለም የሚገኘው ሐኪሙ በማስታወሻው ከጻፈው ብቻ ነው። ለዚህ የሚያገለግለው በ1975 ቶማስ ፊትዝፓትሪክ ያወጣው፣ ዛሬ ስድስት ደረጃ ያለው የቆዳ መለኪያ ነው።

በቀጠሮው ዕለት ፊት የረጋ ሊሆን ስለሚችል፣ ሽፍታው ሲነሣ በመስኮት ብርሃን በስልክ ፎቶ አንስቶ ለሐኪሙ ማሳየት ይረዳል። ከዚያ በኋላ የተጻፈውን በ1177 ድረ ገጽ ማንበብ ይቻላል። ከ2008 ጀምሮ የሚሠራው የሕሙማን መረጃ ሕግ መዝገቡ በስዊድንኛ፣ በተቻለ መጠን ሕመምተኛው በሚረዳው መንገድ እንዲጻፍና የተደረሰበትን የበሽታ ስም እንዲይዝ ያዝዛል። ሕመምተኛው የተጻፈው ስህተት ወይም አሳሳች ነው ብሎ ካመነ፣ ይኸው አስተያየቱ በመዝገቡ እንዲሰፍር የመጠየቅ መብት አለው። ቀድሞ የተጻፈው ግን በዚህ ብቻ አይፋቅም፤ መዝገቡም የመጨረሻው ጽሑፍ ከሰፈረበት ጊዜ አንስቶ ቢያንስ ለ10 ዓመት ይቀመጣል።