ብዙ መጻፍ ወይስ የሚጠቅም መጻፍ? የአንድ የነርቭ ሐኪም የጥናት መዝገብ ሲነበብ



የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የሚመረጥበት ጊዜ ሲደርስ አንድ ጥያቄ በመካከላችን ይነሳል፤ የተመራማሪ ትልቅነት በምን ይለካል? ባሳተመው ጽሑፍ ብዛት ነው? ወይስ በሌላ?

ዛሬ በብዛት የሚሠራበት መለኪያ «ኤች ኢንዴክስ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረበው ሆርሄ ሂርሽ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ አንድ ሰው እያንዳንዳቸው ቢያንስ 10 ጊዜ የተጠቀሱ 10 ጽሑፎች ካሉት ቁጥሩ 10 ይሆናል። ሆኖም ቁጥሩ ማን እንደጠቀሰና ለምን እንደጠቀሰ አይነግረንም። ሰው ራሱን በራሱ ሊጠቅስም ይችላል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የሐዲስ ሊቃውንት የኢስናዱን ብዛት ብቻ አልቆጠሩም፤ እያንዳንዱ ራዊ ማን እንደሆነ፣ ከማን እንደሰማ መርምረዋል። የጥናት መዝገብንም እንዲሁ ሰንሰለቱን ተከትለን ብናነብስ?

የሀገራችንን የነርቭ ሐኪምና ተመራማሪ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትን እንውሰድ። እሳቸውና የሥራ ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በቡታጅራ ገጠር 60,820 ሰዎችን የሚያካትት ጥናት አካሂደው የሚጥል በሽታ ያለባቸው 316 ሰዎች አገኙ። ይህም ከ1,000 ሰው 5.2 ማለት ነው። ውጤቱ በ1990 ታተመ። ሆስፒታል የመጣውን ብቻ ቢቆጥሩ ኖሮ ይህ ቁጥር አይገኝም ነበር፤ አብዛኞቹ ሕክምና አግኝተው አያውቁምና። በቀጣዩ ዓመት የታተመው ጽሑፋቸው ደግሞ የኅብረተሰቡን አመለካከት መረመረ። ብዙ ሰው በሽታው በመንካት ይተላለፋል ብሎ ይፈራ ነበር።

ሁለተኛው መስመር ለእኛ የጎጃም ተማሪዎች ይበልጥ ቅርብ ነው፤ ጓያ። ጓያ ድርቅንም ውኃ የተኛበትን መሬትም ይችላል፤ ሌላው ሰብል ሲጠፋ እሱ ይተርፋል። ነገር ግን ለወራት ዋና ምግብ ከሆነ በውስጡ ያለው ኦዳፕ የተባለ ንጥረ ነገር እግርን ያሽመደምዳል። ሽባነቱ አይመለስም፤ ወጣት ወንዶችንም ይበልጥ ያጠቃል። ፕሮፌሰር ረዳ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠር ይህን በሽታ አጥንተው ስርጭቱን ለዓለም አሳወቁ።

ሰንሰለቱ በዚያ አላበቃም። በ1990ዎቹ በወሎ ደላንታ ዳውንት ወረርሽኝ ሲነሳ፣ ዶክተር ኃይለኢየሱስ ጌታሁን ከፕሮፌሰር ረዳና ከቤልጂጉ ፈርናንድ ላምባይን ጋር ሆነው በ1999 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳወቁ። በ2003 ዶክተር ኃይለኢየሱስና ባልደረቦቻቸው በዚያው መጽሔት ተጨማሪ ግኝት ይዘው መጡ፦ ጓያን በቆሎ፣ በንፍሮና በእሸት መብላት ለበሽታው ያጋልጣል፤ ከእህል ጋር መቀላቀል ግን አደጋውን ይቀንሳል። አንዱ የጀመረውን ሌላው ተቀብሎ እናት ማዕድ ቤት ድረስ አደረሰው። ተጽዕኖ ማለት ይህ ነው።

እነዚህ ጽሑፎች በሀብታም ሀገራት ስለሚበዙ በሽታዎች ከተጻፉት ጋር በጥቅስ ብዛት ላይወዳደሩ ይችላሉ። ጓያ የሚበላው ድሃ ገበሬ ነውና ስለ እሱ የሚጽፍ ጥቂት ነው። ጥቂት ሰው ሲጽፍ ጥቅሱም ያንሳል። ይህ የጥናቱ ጉድለት ሳይሆን የመለኪያው ጉድለት ነው።

ታዲያ ከዚህ ምን እንያዝ?

አንደኛ፣ የጥናት ርዕስ ስንመርጥ «የት ይታተማል?» ከማለታችን በፊት «ማንን ይጠቅማል?» እንበል። ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ዙሪያ ቀበሌዎች የመጣን ተማሪዎች ጥያቄውን ከቤታችን ይዘን መጥተናል።

ሁለተኛ፣ ገንዘብ ተቀብሎ ሳይመረምር ከሚያትም መጽሔት እንራቅ። ስም ያበዛል፤ ዕውቀት አይጨምርም።

ሦስተኛ፣ ያነበብነውን እንሥራበት። በዶርም ወይም በመስጊድ አንድ ወንድም ወይም እህት በሚጥል በሽታ ቢወድቅ አንሽሽ፤ በመንካት አይተላለፍም። በጎኑ እናስተኛው፣ አፉ ውስጥ ምንም አናስገባ፣ ክብሪት አናሽትተው። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሕክምና እናድርሰው። ዱዓውም መድኃኒቱም አብረው ይሄዳሉ።

ሰው ሲሞት ሥራው ቢቋረጥም የሚጠቅም ዕውቀት አጅሩ እንደሚቀጥል ተምረናል። አላህ ከሚጠቅም ዕውቀት ባለቤቶች ያድርገን። አሚን።