የዛገ የፍሬን ቱቦ አይጠገንም፤ ይለወጣል

በየአጥቢያው ለልማት ሥራ የሚያገለግሉ አሮጌ ፒክ አፖች የፍሬን ዘይት የሚያልፍባቸው ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች አሏቸው። ዝገቱ የሚጀምረው ቱቦው ከሻንሲው ጋር በተያያዘበት፣ ጭቃና እርጥበት በሚጠራቀምበት ስውር ቦታ ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ በቱቦው ውስጥ ከፍተኛ ግፊት ይፈጠራል። ስለዚህ የሳሳው ብረት የሚፈነዳው ፍሬን አብዝቶ በሚፈለግበት ቅጽበት፣ ምናልባትም ሰውና እህል ተጭኖ ቁልቁለት ሲወረድ ነው።

የተበሳውን ክፍል መበየድ ወይም በጎማ ቱቦና በማሰሪያ መቀጠል ፈጽሞ አይገባም። ተራ የመዳብ ቱቦም በንዝረት ይሰነጠቃልና ምትክ አይሆንም። ለፍሬን የተሠራ ቱቦ ሊገዛ ወደ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ የሚላክ ሰው አሮጌውን ከነማያያዣው ለናሙና ይያዝ፤ ርዝመቱ፣ ውፍረቱና ጥርሱ መግጠም አለበትና።

አዲሱ ቱቦ ከገባ በኋላ ከመስመሩ አየር ሁሉ መውጣት ይኖርበታል። አየር ከቀረ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል። ቀጥሎም ፔዳሉ ጠንክሮ ተረግጦ ሳለ ማያያዣዎቹ ሁሉ እንዳያንጠባጥቡ ይመርመሩ።

ሰበካ ጉባኤያት ክረምት በወጣ ቁጥር የመኪናቸውን ሥር በባለሙያ እንዲያስመረምሩ እንመክራለን። የፍሬን ዘይት በድንገት ከጎደለም መኪናው ምክንያቱ እስኪታወቅ ይቁም፤ ከጉዞው መዘግየት የተሳፋሪው ነፍስ ይበልጣልና።