ኢየሱሳውያን በኢትዮጵያና የቦሩ ሜዳ ጉባኤ

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1557 ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ ካህናት ከጳጳሳቸው ከአንድሬ ዴ ኦቪዬዶ ጋር ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። በ1603 የመጣው ፔድሮ ፓኤዝ በትዕግሥቱ የዐፄ ሱስንዮስን ልብ ማረከ፤ በ1625 የደረሰው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ግን ሕዝቡ እንደ ገና እንዲጠመቅ፥ ካህናቱም እንደ ገና እንዲካኑ አዘዘ። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ሱስንዮስ በ1632 የአባቶችን ሃይማኖት መለሱ፤ ልጃቸው ፋሲለደስም ኢየሱሳውያንን አባረሩ።

ሰዎቹ ቢሄዱም ክርክራቸው አልሄደም። ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ያስነሡት ጥያቄ ሊቃውንቱን በተዋሕዶና በቅባት፥ ኋላም በጸጋ ወገን ከፋፈላቸው። ይህንንም ክርክር ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1878፥ ከአቀስታ በስተ ሰሜን ምሥራቅ በሚገኘው በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አድርገው ለተዋሕዶ በመፍረድ ዘጉት። ከዚያው ጋር የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታወጀ።

እንግዲህ የሜንዴዝ ትእዛዝና የቦሩ ሜዳ ዐዋጅ በዓላማ ቢለያዩም የሚያስተምሩት አንድ ነው፤ ዐዋጅ ጥምቀትን እንጂ እምነትን ማዘዝ አይችልም። በወሎ ደጋ እስልምና ዛሬም ጸንቶ መኖሩ ለዚህ ምስክር ነው።