ወረቀቱን ብር ያደረገው ምንድን ነው?

አንድ ቀን ለ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ገንዘብ አመጣጥ ሳስተምር፣ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ «መምህር፣ መንግሥት ብር ማሳተም ከቻለ ድኻ ለምን ይኖራል? አብዝቶ አሳትሞ ለሁሉም ቢያድል ምን አለበት?» ሲል ጠየቀኝ። ክፍሉ በሣቅ ሞላ። እኔ ግን አልሣቅሁም። ብዙ አዋቂዎች በልባቸው ይዘው አፍረው የሚተዉት ጥያቄ ነውና፣ ለልጁ የሰጠሁትን መልስ ለአንባብያንም ላካፍል ወደድሁ።

በመጀመሪያ ወደ ኋላ መለስ ብለን እንመልከት። አባቶቻችን የሚገበያዩት በወረቀት አልነበረም። በአሞሌ ጨው ይገዙና ይሸጡ ነበር፤ አሞሌውን ማንም ባይቀበለው እንኳ ለወጥ ይሆናል። ከዚያም የማሪያ ቴሬዛ መልክ የተቀረጸበት ጠገራ ብር በገበያችን ነገሠ። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው። ንግሥቲቱ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1780 ከሞተች በኋላም ቢሆን ያው 1780 የሚለው ዓመት ሳይለወጥበት ሲመታ ኖረ። ገበሬው ጠገራውን ሲቀበል ዘውዷንና የትከሻዋን ጌጥ ደኅና አድርጎ ይመረምር ነበር። የሚያምነው በእጁ የያዘውን ማዕድን እንጂ የማንንም ቃል አልነበረምና።

በየካቲት 1898 ዓ.ም. በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ፈቃድ የአቢሲኒያ ባንክ አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ። ባንኩ ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር የተያያዘ ነበር። ቆይቶም የወረቀት ገንዘብ አወጣ፤ ነገር ግን ከነጋዴው አልፎ በገበሬው ዘንድ እምብዛም አልተለመደም። በ1923 ዓ.ም. መንግሥት ይህን ባንክ በካሣ ወስዶ በምትኩ የኢትዮጵያ ባንክን አቋቋመ። ከጠላት ወረራ በኋላም በሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ፣ ከወረቀቱ ጋር ከእውነተኛ ብር የተሠራ የ50 ሳንቲም ገንዘብ አብሮ ወጣ። ሕዝቡ ወረቀቱን እንዲያምን፣ የለመደው ብር አብሮት መታየት ነበረበት። ወረቀቱም በእንግሊዝኛ ዶላር ቢባልም ባማርኛ ስሙ ያው «ብር» ሆኖ ቀረ። እንግዲህ ማዕድኑ ሄዶ ስሙ ብቻ በወረቀት ላይ ቀርቷል ማለት ነው።

ታዲያ ዛሬ ወረቀቱን ብር ያደረገው ምንድን ነው? ሁለት ነገር ነው፤ በገበያ የሚገዛ ዕቃ መኖሩና የገንዘቡ መጠን ከዕቃው ጋር መመጣጠኑ። በአንድ ገበያ 100 ኩንታል ጤፍ ቢኖርና በሸማቹ ሁሉ እጅ ያለው ገንዘብ በአንድ ሌሊት እጥፍ ቢሆን፣ በማግሥቱ የሚገኘው ጤፍ ያው 100 ኩንታል ነው። የሚጨምረው ዋጋው ብቻ ነው። ለተማሪዬ የሰጠሁት መልስ ይህ ነበር።

ልጁ፣ «እንዲህ ያደረገ አገር አለ?» አለኝ። አለ። ዚምባብዌ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2008 የዋጋ ንረቷ በመቶ ሚሊዮኖች ፐርሰንት እስኪቈጠር ደርሶ ነበር። በጥር 2009 የመቶ ትሪሊዮን ዶላር ኖት አወጣች፤ በዚያው ዓመት ግን የራሷን ገንዘብ ትታ በውጭ አገር ገንዘብ ለመገበያየት ተገደደች። ሁሉም «ትሪሊዮነር» በሆነበት አገር ድኻው አልቀነሰም።

የኛ አገር ችግር ከዚህ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ይሁን እንጂ በ2014 ዓ.ም. የዋጋው ንረት ከመቶ 30 በላይ ሆኖ ሳለ ባንክ ለቈጣቢ ይከፍል የነበረው ዝቅተኛ ወለድ ከመቶ 7 ነበር። ሒሳቡን እንሥራው። በዓመቱ መጀመሪያ 100 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ መጨረሻ 107 ብር ያገኛል። በ100 ብር ይገዛው የነበረው ዕቃ ግን 130 ብር ሆኖ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ሊገዛ የሚችለው ከቀድሞው ከመቶ 82 እጅ ያህሉን ብቻ ነው። ማንም ኪሱ አልገባም፤ ግን ተወስዶበታል።

ይህን ነገር ከመጽሐፍ ይልቅ ያስተማረችኝ እናቴ ናት። የቤቷን ጣራ ለማደስ ዕቁብ ገባች፤ ዕጣው የወጣላት ግን በመጨረሻ ነው። ነገሩን በቀላል ቁጥር ላስረዳ። 12 ሰዎች በየወሩ 1,000 ብር ቢጥሉ ዕጣው 12,000 ብር ነው። የአንድ ቆርቆሮ ዋጋ 400 ብር ሳለ የወጣለት ሰው 30 ቆርቆሮ ይገዛል። ዋጋው 520 ብር ከደረሰ በኋላ የወጣለት ግን 23 ብቻ። የጣሉት እኩል ነው፤ ዳኛውም አላጭበረበረ፤ ያገኙት ግን እኩል አይደለም። እናቴ ገንዘቡን ቈጥራ ስትጨርስ፣ «ልጄ፣ እኔ አልበላሁትም፤ ግን ተበላ» አለችኝ። ጣራው በዚያ ክረምት ሳይጠገን ቀረ።

ለንረቱ ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ጦርነት፣ ድርቅ፣ የውጭ ምንዛሪ እጥረት ሁሉም ድርሻ አላቸው። ነገር ግን አንዱ ምክንያት መንግሥት ገቢው ወጪውን አልሸፍን ሲለው ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ መበደሩ ነው። ገንዘብ የሚበዛው በማተሚያ ቤት ብቻ አይደለም፤ በባንክ መዝገብ ላይ በሚጻፍ ቁጥርም ይበዛል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ለዚህ ብድር ወሰን ማበጀቱና የባንኮችን የብድር ዕድገት መገደቡም ስለዚሁ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተፈቀደ፤ 57 ብር ያህል የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ይህ ለቡና ላኪው ቢጠቅምም፣ መድኃኒት ከውጭ ለሚገዛው በሽተኛ ግን ሸክም ነው።

አንዳንዶች ይህን አይተው «እንግዲያስ መቈጠብ ሞኝነት ነው» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ሁሉም ገንዘቡን ወደ ቆርቆሮ፣ ወደ ወርቅ፣ ወደ መሬት ቢለውጥ፣ ባንክ ለገበሬው የማዳበሪያ፣ ለወጣቱ የወፍጮ መግዣ የሚያበድረው ከየት ያመጣል? በየቤቱ የተቀበረ ጠገራ ማንንም አላሠራም። የባንክ ጥቅሙ የአንዱን ትርፍ ለሌላው መነሻ ማድረጉ ነው፤ ያ ግን የሚቻለው ቈጣቢው ያስቀመጠው ነገር ሳይቀንስ እንደሚመለስለት ሲያምን ነው።

አባቶቻችን የጠገራውን ጌጥ ይመረምሩ እንደ ነበረ፣ እኛም የወረቀቱን ዋስትና ልንመረምር ይገባናል። መንግሥት ስንት ተበደረ? ዋጋው በስንት ጨመረ? ወለዱስ ስንት ነው? እነዚህን መጠየቅ የባለሙያ ብቻ ሥራ አይደለም። ተማሪን ቈጥብ ብሎ መምከር የኛ የመምህራን ድርሻ ነው፤ የቈጠበው እንዳይበላበት መጠበቅ ግን የብሔራዊ ባንክና የመንግሥት አደራ ነው። አደራው የተጠበቀ እንደ ሆነ ወረቀቱ ብር ይሆናል። ካልተጠበቀ ግን ቀለሙ ቢያምር፣ ቁጥሩም ቢበዛ፣ ወረቀት ነው።