የትውልድ ቦታ፦ ናዝሬት ወይስ አዳማ?

አቦምሳ ላይ ሰነድ መተርጎም ሥራዬ ነው። የልደት ካርድ፣ የጋብቻ ውል፣ የትምህርት ማስረጃ ከአማርኛ ወደ አፋን ኦሮሞ፣ ከዚያም ወደዚህ እመልሳለሁ። ከሁሉም በላይ የምጠነቀቀው «የትውልድ ቦታ» ለሚለው መስመር ነው።

አዳማ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በመጽሐፍ ቅዱሷ ከተማ ስም ናዝሬት ተባለች፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ይፋዊ ስሟ ወደ አዳማ ተመለሰ። ቢሾፍቱም ደብረ ዘይት ተብላ ኖራ ተመልሳለች። ስለዚህ የእናት ወረቀት ናዝሬት፣ የልጅ ወረቀት አዳማ ይላል፤ ሁለቱም ግን የተወለዱት አንድ ከተማ ነው። አንዲት እናት ይህ አስጨንቋቸው፣ «ልጄ፣ ናዝሬት የሚለው ይውጣልኝና አዳማ ይባልልኝ፤ ኤምባሲ ሌላ አገር ይመስላቸዋል» አሉኝ። «እማማ፣ ዋናው ወረቀት ያለውን እኔ መለወጥ አልችልም» ብዬ ናዝሬትን እንዳለ ጻፍኩ፤ በቅንፍ «የዛሬዋ አዳማ» አልኩ። ትርጉሙ ከዋናው ከተለየ ጉዳዩ ይመለስባቸዋል፤ የሚጉላሉትም እሳቸው ናቸው።

አዳማ የሚለው ስም ብዙ ጊዜ የሚያያዘው «አዳሚ» ከሚባለው ቁልቋል ጋር ነው፤ በስምጥ ሸለቆው ደረቅ ዳገት ላይ ቁልቋልን ላየ ሰው ይህ አይገርመውም። አነባበቡ ግን በፊደላችን አይታይም። «አዳማ» ብለን ስንጽፍ ሦስቱም ድምፆች እኩል ይመስላሉ። በአፋን ኦሮሞ የመጀመሪያው «አ» አጭር ነው፤ «ዳ» እና «ማ» ሁለቱም ይረዝማሉ። በቋንቋው ፊደል፣ በቁቤ፣ ረጅም አናባቢ ሁለት ጊዜ ስለሚጻፍ ርዝመቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የአሰላ «ላ» መጥበቁንም የእኛ ፊደል አይነግርም። በአፋን ኦሮሞ ርዝመትና ጥብቀት የቃልን ትርጉም ስለሚለውጡ፣ ከአማርኛው አይቶ በግምት ወደ ቁቤ መገልበጥ ለስሙ ባለቤቶች ደንታ ማጣት ነው እላለሁ።

ሌላው የሚያደናግር የቦታ ስም ባቱ ነው። ዝዋይ የነበረችው ከተማ ዛሬ ባቱ ስትሆን፣ ባሌ ውስጥም ባቱ የሚባል ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነ ተራራ አለ። ሐይቁን ብዙ ሰው አሁንም ዝዋይ ይለዋል፤ ደምበልም ይባላል። ከተማው፣ ሐይቁ ወይስ ተራራው? ወረዳውንና ዞኑን ካልጨመርኩ አንባቢው ይስታል።

የገጠር ቀበሌ ስም ሲሆን ደግሞ ባለጉዳዩን ቀስ ብሎ፣ ሁለት ጊዜ እንዲጠራልኝ እጠይቃለሁ። ተወላጅ ካልሆነ ስልክ ደውሎ ከሽማግሌ እንዲያጣራ አደርጋለሁ። ማተም የምጀምረው ከዚያ ነው።