ከስብራቱ ይልቅ እስሩ

የጤና ዘገባ ለመሥራት ስዘጋጅ ነርሲንግ ከሚማር የዶርም ጓደኛዬ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ሕመሞች ሃንዳውት ተውሼ ነበር። ስብራት፣ ውልቃት፣ ወለምታ፣ የአጥንት ኢንፌክሽን፣ ሪህ፣ ቆልማማ እግር... ዝርዝሩ ረጅም ነው። እኔ ግን ስለታሰረ እጅና እግር ክትትል የምታወራዋ ገጽ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ምክንያቱም በአገራችን ብዙ ጊዜ እግር የሚያሳጣው ስብራቱ ሳይሆን አስተሳሰሩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጥንት ሲሰበር ዙሪያው ያለው ሥጋ ይደማል፣ ያብጣል። እብጠቱ በዚያው ቀን አያበቃም፤ በማግስቱም በሠልስቱም ሊጨምር ይችላል። የክንድና የባት ጡንቻዎች ደግሞ በማይለጠጥ ጠንካራ ሽፋን ተከፋፍለው የተቀመጡ ናቸው። በላዩ ላይ ቀርከሃ ተደርድሮ በጨርቅ ወይም በቃጫ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር እብጠቱ መሄጃ ያጣል። በውስጥ ያለው ግፊት ትንንሾቹን የደም ሥሮች ይዘጋል። ጡንቻ ደም አጥቶ ስድስት ሰዓት ያህል ከቆየ ጉዳቱ የማይመለስ ይሆናል። ሐኪሞች ኮምፓርትመንት ሲንድሮም ይሉታል። ቶሎ ካልተፈታ ጋንግሪን ይመጣል፣ ከዚያም መቁረጥ ነው።

እዚህ ላይ ወጌሻን መውቀስ ቀላል ነው። ግን እስቲ አስቡት፤ በሃላሌ አካባቢ ልጁ ከዛፍ የወደቀበት አባት ሶዶ ለመድረስ መኪና፣ የመሳፈሪያ፣ የካርድና የመድኃኒት ገንዘብ፣ አስታማሚም ያስፈልገዋል። ወጌሻው ግን ጎረቤት ነው። ደግሞም ብዙ ጊዜ ይሳካለታል፤ የልጅ አጥንት ቦታውን ብዙም ካልለቀቀ በትንሽ ድጋፍ ራሱ ይገጥማልና። ዝናው ከባዶ የመጣ አይደለም።

ታዲያ «ሆስፒታል ከሄደ እግሩን ይቆርጡታል» የሚለው ወሬ ከየት መጣ? መልሱ ያሳዝናል። ሆስፒታል የሚመጣው ሰው ጣቱ ከጠቆረ በኋላ ነው። ሐኪሙ የሞተውን እግር ይቆርጣል፤ መንደሩ የሚያየው መቁረጡን ብቻ ነው። ቀጣዩም ታካሚ በዚያ ፍርሃት ይዘገያል። ሶዶ ላይ እኮ የተሰበረ ጭን በብረት ዘንግ ይጠገናል! በሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል ሲሠራበት የቆየው ሳይን የሚባለው ዘንግ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ የራጅ ማሽን ባይኖር እንኳ እንዲገባ ተደርጎ የተሠራ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ልጅ ሳይወድቅ እግሩን አሞት ከተኮሰው ወለምታ ነው ብሎ ማሸት አደገኛ ነው። የአጥንት ወይም የመገጣጠሚያ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፤ መፍትሔው ቶሎ ሐኪም ዘንድ መድረስ ነው።

ወደ ነርሷ ልመለስ። ሥራዋ በመጀመሪያ ማየትና መጠየቅ ነው። ሕመሙ ከጉዳቱ በላይ ነው ወይ? ማስታገሻ ወስዶም አልበርድ አለው? ጣቶቹን ቀስ አድርጋ ስትዘረጋ ይጮኻል? ይደነዝዘዋል? ጣቶቹ ቀዝቅዘዋል፣ ገርጥተዋል? ጥፍሩን ጫን አድርጋ ስትለቅ ቀለሙ በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ካልተመለሰ የደም ዝውውሩ ያሳስባል። የገረመኝ ግን የደም ትርታው መኖሩ ብቻውን ማረጋገጫ አለመሆኑ ነው። ጓደኛዬን ስጠይቀው፣ ትልቁ የደም ሥር እየመታ ጡንቻው ሊሞት እንደሚችል አስረዳኝ። ትርታ እስኪጠፋ የጠበቀ ዘግይቷል ማለት ነው።

ለወጌሾችስ ይህን ማስተማር አይቻልም? ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ አንድ የኢትዮጵያ ጥናት ለወጌሾች የአንድ ቀን ሥልጠና ከተሰጠ በኋላ በጋንግሪን የሚመጡ ታካሚዎች መቀነሳቸውን አሳይቷል። አንድ ቀን ብቻ! አላጥብቁ፣ ጣቶቹን አትሸፍኑ፣ ቁስል ያለበትን ስብራት አትንኩ፣ ሕመሙ ከበረታ ፍቱና ላኩ ማለት ያን ያህል ከባድ ትምህርት አይደለም።

ይህ ደግሞ የቀርከሃ ጣጣ ብቻ አይመስላችሁ። ሆስፒታል የታሰረ ጄሶም እግሩ ውስጡ ካበጠ ያንኑ ያደርጋል። ያን ጊዜ ነርሷ ለሐኪሙ ፈጥና ታሳውቃለች፤ ጄሶው ከነውስጡ ጥጥ እስከ ቆዳ ድረስ ይሰነጠቃል፤ እግሩም ወደ ላይ ሳይሰቀል በልብ ትይዩ ይቀመጣል። በዚህ ካልተሻለው የጡንቻውን ሽፋን በቀዶ ሕክምና መክፈት ያስፈልጋል። ምልክቱ የታየው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቢሆንም እስኪነጋ አይጠበቅም።