የቋንቋ ብቃትን በምዘና ማረጋገጥ፦ አውኚ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚያነሣው ጥያቄ

መግቢያ

በአንዳንድ አገሮች የትምህርት ሥርዓት አንድ ተማሪ ቋንቋን በክፍል ተቀምጦ ባይማረውም፣ ችሎታውን በምዘና እስካስመሰከረ ድረስ የሁለተኛ ደረጃ ክሬዲት ይያዝለታል። የአሠራሩ መነሻ ሐሳብ መቆጠር ያለበት ተማሪው በክፍል ያሳለፈው ሰዓት ሳይሆን የጨበጠው ችሎታ ነው የሚል ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ አሠራሩን ካስረዳ በኋላ በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ሊኖረው የሚችለውን ፋይዳ ይመረምራል። የጽሑፉ መከራከሪያም እንዲህ ዓይነቱ ዕውቅና ለአውኚ የሚጠቅመው ከንግግር ጋር ንባብንና ጽሕፈትን የመዘነ እንደሆነ ብቻ ነው የሚል ነው።

የአሠራሩ ምንነት

በአሜሪካ የዋሽንግተን ግዛት አሠራር ግልጽ ምሳሌ ይሆናል። በዚያ የቋንቋ ችሎታ ጀማሪ፣ መካከለኛና ከፍተኛ በሚሉ እርከኖች ይመደባል፤ እያንዳንዱ እርከንም በውስጡ ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ደረጃዎች አሉት። በጀማሪው እርከን መካከለኛ ደረጃ ላይ የደረሰ ተማሪ 1 ክሬዲት ያገኛል፤ የመካከለኛውን እርከን መካከለኛ ደረጃ የደረሰ ደግሞ እስከ 4 ክሬዲት ይያዝለታል። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ሲያትል በዚህ ግዛት የምትገኝ ሲሆን፣ አማርኛም የምዘና ፈተና ከተዘጋጀላቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ካሊፎርኒያ በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ2011 ያጸደቀችው ሕግ በእንግሊዝኛና በሌላ ቋንቋ ማንበብና መጻፍ ለሚችሉ ተመራቂዎች በዲፕሎማቸው ላይ ልዩ ማኅተም እንዲያርፍ ይፈቅዳል። የመጀመሪያው የትምህርት ነጥብ የሚያስገኝ ሲሆን ሁለተኛው የክብር ዕውቅና ነው፤ ሁለቱን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

ሐሳቡ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ደቀ መዝሙሩ መምህር ለመባል የሚበቃው የተወሰነ ዓመት ስለ ቆየ ሳይሆን ስላስመሰከረ ነው፤ ድጓን ለማስመስከር ወደ ጋይንት ቤተልሔም መሄድ የቆየ ልማድ ነው። በዘመናዊው የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናም ሙያውን በሥራ ላይ የለመደ ሰው በመደበኛ ተቋም ከሠለጠነው ጋር ለብቃት ምዘና ሊቀርብ ይችላል። ለሙያ የተፈቀደው መንገድ ለቋንቋ የማይፈቀድበት ምክንያት ግልጽ አይደለም።

የአውኚ ይዞታ

አውኚ ከማዕከላዊ ኩሽ ወይም ከአገው ቋንቋዎች አንዱ ነው። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ ከደነገገ ወዲህ በዞኑ ትምህርት ቤቶች የማስተማሪያ ቋንቋ ሆኗል፤ የእንጅባራ መምህራን ትምህርት ኮሌጅም የቋንቋውን መምህራን ያሠለጥናል። ከዚያ በላይ ግን መንገዱ ይጠባል። የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፤ በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም ከቋንቋዎች የሚፈተነው እንግሊዝኛ ብቻ ነው። ስለዚህ በአውኚ ፊደል ቆጥሮ፣ አማርኛን በትምህርትና በገበያ ለምዶ፣ በእንግሊዝኛ የሚማር ወጣት የሦስት ቋንቋ ባለቤት ቢሆንም ወደ ዩኒቨርሲቲ መግቢያው ውጤት የሚገባለት የአንዱ ችሎታው ብቻ ነው። ተማሪዎች ጊዜያቸውን የሚሰጡት ለሚፈተኑበት ትምህርት በመሆኑ፣ ያልተመዘነ ቋንቋ ቀስ በቀስ ከደብተር ይወጣል።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችን በክሬዲት ሳይሆን በዓመታዊ አማካይ ውጤት የሚመራ ስለሆነ የዋሽንግተንን ስሌት እንዳለ መቅዳት አይቻልም። የሚቀርበው አማራጭ የተማሪው የአውኚ እርከን በትምህርት ማስረጃው ላይ ተለይቶ እንዲሰፍርና ለመምህርነት፣ ለፍርድ ቤት አስተርጓሚነትና ለጤና አገልግሎት ሥልጠና በሚደረግ ምርጫ እንዲታይ ማድረግ ነው።

የምዘናው ፈተናዎች

የመጀመሪያው ጉዳይ ፍትሐዊነት ነው። ምዘናው ንግግርን ብቻ ከለካ በእንጅባራ ዙሪያ በአውኚ ያደገ ልጅ ያለ ተጨማሪ ጥረት ያልፋል፤ የምስክር ወረቀቱም ቤተሰቡ የሰጠውን ከማጽደቅ በቀር ትምህርት ቤቱ የጨመረውን አያሳይም። በአንጻሩ አማርኛ በሚያመዝንባት በዳንግላ ከተማ አውኚን ከጎረቤት የለመደ ተማሪ በንባብና በጽሕፈት ቢተጋ ጥረቱ የሚታይበት ዕድል ሊኖረው ይገባል። እርከኑ በአራቱም ክህሎቶች ለየብቻ ሲመዘገብ የሁለቱም ተማሪዎች ችሎታ በትክክል ይታወቃል።

ሁለተኛው ጉዳይ ጽሕፈቱ ነው። አውኚ በግእዝ ፊደል ይጻፋል፤ በአማርኛ ለሌሉት ድምፆችም ተጨማሪ ምልክቶች ያስፈልጉታል። በአውኚ የድምፅ ከፍታና ዝቅታ ትርጉም ይለያል፤ ፊደሉ ግን ይህንም ሆነ መጥበቅና መላላትን አያሳይም። ስለዚህ የንባብ ጥያቄዎች ቃልን ነጥለው ሳይሆን በዐውደ ንባብ ውስጥ ሊያቀርቡ ይገባል። በምዕራቡ ቆላ የሚነገረውን ኩንፈልን የመሰሉ ዘዬዎች ተናጋሪዎችም በአነጋገራቸው ምክንያት ነጥብ እንዳይጎድልባቸው የእርማት መመሪያው አስቀድሞ መወሰን አለበት።

ሦስተኛው መዛኙ ነው። አንድ መምህር የራሱን ተማሪ ብቻውን ቢመዝን ውጤቱ ለአድልዎ ይጋለጣል። ሁለት መዛኞች የተማሪውን ማንነት ሳያውቁ ለየብቻ ማረማቸውና የውጤታቸው መቀራረብ መፈተሹ የምዘናው አስተማማኝነት መሠረት ነው።

ማጠቃለያ

በምዘና የሚገኝ ዕውቅና የክፍል ትምህርትን አይተካም፤ እንዲያውም ከፍ ያለው እርከን ያለ ክፍል ትምህርት የሚደረስበት አይደለም። አውኚን በማስረጃ ወረቀት ላይ ማስፈር ብቻውን ቋንቋውን አያጸናም፤ ማንበብና መጻፍን የሚጠይቅ ምዘና ግን ለተማሪው የሚተጋበትን፣ ለትምህርት ቤቱም የሚጠየቅበትን ምክንያት ይሰጣል። የእርከኖቹን መግለጫ በአውኚ ማዘጋጀት፣ የሙከራ ፈተና በእንጅባራና በዳንግላ ትምህርት ቤቶች መስጠትና የመዛኞችን ስምምነት መለካት በአንድ የማስተርስ ጥናት አቅም ሊጀመሩ የሚችሉ ሥራዎች ናቸው።